ላቪኒያ በሩ ላይ ስትቆም

የክብደት ማንሻ ብረቶቹ እኛ ደሴት ኤዋ የደረሱት በመርከብ ነው። ኦክላንድ ያሉ የድሮ ተማሪዎቻችን ከአሮጌ ፍራሽና ከልብስ ስፌት መኪና ጋር በአንድ ኮንቴይነር አጭቀው ላኩልን። ወደቡ ላይ በሩ ሲከፈት የራግቢ ቡድኑ ልጆች እየተጋፉ ገቡና አንዱ ዘንግ፣ ሌላው ዲስክ እየጎተተ ወጣ። ሚስቴ ላቪኒያ አንዱን ዘንግ ተቀብላ ሲሚንቶው ላይ አንከባለለችው። ቀጥ ብሎ አልሄደም። እየተወላገደ ሄዶ የወደብ ሠራተኛው እግር ሥር ቆመ።

"ይሄ ለአጥር ይሆናል" አለች። ልጆቹ ሳቁ፤ እሷ ግን የምሯን ነበር።

ላቪኒያ ባሕር ማዶ ሱቫ ከተማ ተምራ የመጣች የስፖርት መምህርት ናት። ርእሰ መምህሩ ድሮ የደረቀ ኮኮናት ይከማችበት የነበረውን መጋዘን ሰጥቷት ነበር። ሐሳቡ ከትንንሾቹ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ፣ ሴቱም ወንዱም፣ በትምህርት ሰዓት ክብደት ማንሣት የሚማርበት ጂም እንዲሆን ነው። እኔ ኪቲዮኔ እባላለሁ፤ እዚያው ትምህርት ቤት የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ አስተምራለሁ። ስለዚህ እሷ ታስባለች፣ እኔ እቀጠቅጣለሁ።

መጀመሪያ ወለሉን በመዶሻ እያንኳኳች ዞረች። አንድ ጥግ ላይ ድምፁ ባዶ ሆነባት፤ አስፈርሳ በአዲስ ኮንክሪት አስሞላችው፤ እስኪደርቅም ማንንም አላስገባችም። ልጆቹ በበሩ ስንጥቅ እያዩ ቋመጡ። ከዚያ ጥቁር ጎማ አነጠፍን። አንዱ ሌላውን እንዳይመታ በየመሥሪያው ዙሪያ ቢጫ መስመር ቀባን። ከባዶቹን ዲስኮች ከታችኛው መደርደሪያ አኖርን። የዛገውን በኬሮሲን ጠረግን። ዘንጉ የሚሰቀልባቸውን መቆሚያዎች ወለሉ ላይ በብሎን አሰርኩ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ እኩለ ቀን ላይ ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል፤ እሱንም አስባበት ከላይ አየር ማስገቢያ አስከፈተችኝ።

ያስቸገረን አንድ ነገር ነበር። ቤንች ላይ በጀርባው ተኝቶ ብረት የሚገፋ ልጅ ክንዱ ቢከዳው፣ ዘንጉ ሰውነቱን ሳይጫነው የሚያርፍባቸው ሁለት የጎን ብረቶች ያስፈልጋሉ። መቀበያ እንላቸዋለን። ከኦክላንድ ሲጫን ተረስተው ነው መሰለኝ፣ አልመጡም።

"እነሱ ሳይኖሩ ማንም አይተኛም" አለች ላቪኒያ። "እስከዚያ በመጥረጊያ እንጨት ይማራሉ።"

የመጥረጊያ እንጨቱ ወሬ የዚያኑ ዕለት ወንድሟ ዘንድ ደረሰ።

ወንድሟ ፔኒሲማኒ የቡድኑ አሰልጣኝ ነው። በወጣትነቱ የውጭ ሰዎች መልምለውት ኒውዚላንድ፣ ከዚያ ፈረንሳይ ድረስ ሄዶ ተጫውቷል፤ የአባቱን ቤት ጣሪያ የቀየረው በዚያ ገንዘብ ነው። ድንገት አንድ ቀን "አገሬ ናፈቀኝ" ብሎ ተመለሰ። እሷ ታላቁ ናት። በእኛ ዘንድ እህት ከወንድሟ በላይ ናት፤ እነሱ ደግሞ ያደጉት በድሮው ሥርዓት ነው። እርስ በርሳቸው አንቱ ይባባላሉ። እሷ ባለችበት አይቀልድም፣ አጠገቧ አይቆምም፣ ስለ ገላና ስለ ሕመም አያወራም። የመምህራን ስብሰባ ላይ እንኳ አንዱ መስኮት ጋ፣ ሌላው በር ጋ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ወሬያቸው የሚጓዘው በእኔ ላይ ነው፤ ለአንዷ ባል፣ ለሌላው ዋርሳ ነኝና።

ማታ ካቫ የሚባለውን የሥር መጠጣችንን ልንጠጣ ወንዶቹ ስንሰበሰብ ፔኒሲማኒ ኩባያውን በቀኝ እጁ እንደያዘ ሰው ሁሉ እየሰማ ጀመረኝ።

"ዋርሳዬ፣ ልጆቼን ቤት ጠራጊ ልታደርጉልኝ ነው አሉ።"

"መጥረጊያው ጫፍ የለውም" አልኩት። "እንጨቱ ብቻ ነው።"

"ታዲያ ጫፉን ግዙላቸውና እግረ መንገዳቸውን ግቢውን ይጥረጉት።"

ወንዱ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከኦክላንድ አንድ ትምህርት ቤት ዶኔሊ የሚባል ሰው ልጆች ለመምረጥ እየመጣ መሆኑን ነገረኝ። የመረጠውን እዚያ ወስዶ በነፃ ያስተምራል፤ ያጫውታል። ፔኒሲማኒ ያሰበው ልጁን ኢኖኬን ነው። ኢኖኬ ገና ፂም ያላበቀለ፣ ግን አባቱን በትከሻ የሚበልጥ፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። "ፈረንጁ ብረት ሲገፉ ማየት ይፈልጋል። ለእህቴ ንገራቸው፤ ለአንድ ቀን ክፍሉን ይፍቀዱልኝ።"

ነገርኳት። መልሱ፣ መቀበያዎቹ ተሠርተው ልጆቹም እንደ ሌላው ተማሪ ተራቸውን ጠብቀው ከተማሩ በኋላ ደስ ይለኛል የሚል ነበር። ይዤው ሄድኩ። እሱ ደግሞ ልጆቹ ቤታቸው ማንጎ ዛፍ ሥር የመኪና አክሰል እየገፉ ነው ያደጉት፣ አንዳቸውም አልሞቱም አለ። ይዤው መጣሁ። እንዲህ ሆኜ ሰነበትኩ።

አንድ ቀን እራት ላይ ሰለቸኝና፣ አንቺ እህቱ ነሽ፣ አንዲት ቃል ብትይ ያልቅ የለም ወይ አልኳት።

"እሺ ይላሉ" አለች። "አንገታቸውን ደፍተው እሺ ይላሉ። ከዚያ ልጆቹን አክሰሉ ጋ ይመልሷቸዋል። እኔ እንዲታዘዙኝ አይደለም የምፈልገው፤ ነገሩ እንዲገባቸው ነው።"

መቀበያዎቹን ከውሃ ቧንቧ በየድኩ። አምረው ነበር፤ ጥቁር ቀለም ሁሉ ቀብቻቸዋለሁ። ላቪኒያ ተማሪዎቹን ከክፍሉ አስወጣች። ዘንጉ ላይ ትልልቆቹን ዲስኮች ደረደረች፤ በመቆንጠጫ አሰረችና ከደረት ከፍታ ላይ እንድንለቀው እኔንና የእርሻ መምህሩን አዘዘችን። ለቀቅነው። የቀኙ ያዘ፤ የግራው ብየዳው ላይ ተሰንጥቆ ታጠፈ። ዘንጉም ተንሸራቶ ልጅ ቢተኛ አንገቱ በሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ቤንቹን ቀዶ ተሰካ።

ላቪኒያ ጎንበስ ብላ የተቀደደውን በጣቷ ዳሰሰችና "እንደገና" አለችኝ።

አኮረፍኩ። በተማሪዎቼ ፊት የምኮራበት ነገር ቢኖር ብየዳዬ ነው። ሁለት እራት ያህል ዝም ብዬ በላሁ። ከዚያ ግን ያ የተቀደደ ቤንች ከዓይኔ አልጠፋ ሲለኝ፣ ወደብ ወርጄ ድፍን ብረት ለምኜ አመጣሁና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በሁለተኛው ዙር ስንጥለው ዘንጉ ነጥሮ ተቀመጠ። በአንዴ አላመነችም፤ ክንዴ እስኪዝል አስጣለችኝ። ሲያበቃ ስልኳን አውጥታ ለርእሰ መምህሩ ደወለችና፣ ከሰኞ ጀምሮ ከትንንሾቹ ክፍል ልጀምር ነው አለችው።

ዶኔሊ የመጣው ከዚያ ሰኞ በፊት በነበረው ቅዳሜ ነው።

ዝናቡ ሲነጋ ጀምሮ አላቋረጠም። ሜዳው እንደ ጎደሬ ማሳ ጨቅይቷል። እኔ ጂሙ ውስጥ ብሎኖች እያጠበቅሁ ሳለ በሩ ተከፈተና የቡድኑ ልጆች በስብሰው ገቡ። ከኋላቸው ፔኒሲማኒ፣ ከእሱ አጠገብ ጃንጥላ የያዘ ቀይ ፊት ሰውዬ፣ መጨረሻ ላይ ርእሰ መምህሩ። ቁልፉ በርእሰ መምህሩ እጅ ነበር። ዓይኔን ሽሽት ጣሪያውን ያያል። እንግዳ ዝናብ ውስጥ ማቆም አልቻልኩም፤ እንዲያዩት ብቻ ነው ያስገባኋቸው ብሎ አጉተመተመ።

ፔኒሲማኒ ግን የሸሚዙን እጅጌ እየጠቀለለ ነበር። ልጆቹን ቤንቹ ጋ አሰለፈና ዘንጉን አዘጋጀ። ከዚያ መቀበያዎቹን አንድ በአንድ ፈትቶ ግድግዳው ሥር አስቀመጣቸው።

ጠጋ ብዬ እነሱን ተዋቸው አልኩት።

"ዘንጉ ሲነካቸው ይጮኻል" አለኝ በሹክሹክታ። "ፈረንጁ ልጁ ያቃተው ይመስለዋል። ከራስጌው እኔ እቆማለሁ።"

"ላቪኒያ ሳታውቅ…"

"ዋርሳዬ፣ ዛሬን ብቻ ዝም በልልኝ። ይህ ሰው ስንት ጊዜ ይመጣል ብለህ ነው? እኔን የወሰዱኝ በእንዲህ ያለ አንድ ቀን ነው።"

ፊቱን ሳየው የሚለምነኝ መሰለኝ። በእንግዳው ፊት ብጣላው ውርደት ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ያ የተቀደደ ቤንች አለ። ኢኖኬን አየሁት። አባቱን፣ ከዚያ ዲስኮቹን ያያል፤ ከንፈሩን ነክሷል። መዶሻዬን አስቀምጬ ወጣሁ።

ቤታችን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው። ላቪኒያ ለእሑድ ልብስ ትተኩስ ነበር። የሆነውን ነገርኳት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፣ "መቀበያዎቹስ?"

"አውርዷቸዋል።"

ካውያውን ነቀለች። ወገቧ ላይ የሚታሰረውን የሰሌን ድግ አንሥታ ታጠቀች፤ ወንድሟ ፊት ያለ እሱ አትቀርብም። የምትሮጥ መስሎኝ ነበር። ዝናቡ ውስጥ ያለ ጃንጥላ፣ በፍጥነት ግን ሳትሮጥ ሄደች። በኋላ እንደነገረችኝ ምንም ልትናገር አላሰበችም። በሩ ላይ ትቆማለች፤ ያያታል፤ ያቆማል። እህት በሩ ላይ ቆማ ወንድም ሥራውን አይቀጥልም። ልጆቹም አይደነግጡ፣ እንግዳውም ጠብ አያይ።

በሩ ጋ ስንደርስ ከኋላዋ ነበርኩ። በትከሻዋ ላይ ሁሉንም አያለሁ። ሌሎቹ ልጆች ገፍተው ጨርሰዋል። ኢኖኬ ተኝቶ ዘንጉን ከመቆሚያው አንሥቷል፤ ክንዱ ተዘርግቷል። አባቱ ከራስጌው ሆኖ ሁለት እጁን ከዘንጉ ሥር ደግኗል። ዘንጉ ላይ ትልልቆቹ ዲስኮች ተደርድረዋል።

በሩ አጠገብ የነበሩት ልጆች አዩዋት። አንገታቸውን ደፉ። ዝምታው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ክፍሉን ሞላው። ፔኒሲማኒ ዝምታውን ሰምቶ ቀና አለ። እህቱን አየ። ያን ጊዜ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያደርግ የኖረውን አደረገ፤ እጆቹን ሰብስቦ፣ ዓይኑን መሬት ጥሎ፣ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ዘንጉ እየወረደ ነበር።

ኢኖኬ ደረቱ ድረስ አወረደው፤ ገፋው፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ክንዱ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ወደ ላይ አልሄደም፤ ወደ ታችም ቀስ ብሎ ነበር የሄደው፤ ከደረቱ ወደ አንገቱ እየተንከባለለ። የጮኸው ጩኸት አይደለም፤ አየር ሲያልቅበት እንደሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው። ፔኒሲማኒ ተወርውሮ ዘንጉን በሁለት እጁ ያዘ። ቀኙ ጨበጠ። የግራ እጁ ጣቶች ግን ዘንጉ ላይ አርፈው ተከፈቱ፤ የሌላ ሰው ጣቶች ይመስሉ ነበር። እንደገና ሞከረ። እንደገና ተከፈቱ። ልጆቹ ደርቀው ቀሩ፤ በእህትየው ፊት ማን ይንቀሳቀስ?

ላቪኒያ ሮጠች። ልጆቹን በክርኗ ገፍታ አልፋ ወንድሟ ጎን ተገኘችና ዘንጉን እሱ ባቃተው በኩል ያዘች።

"አንተ፣ ግራህን ተወው" አለችው። "በቀኝህ ብቻ ያዝ። ኪቲዮኔ፣ ወዲያኛው ጫፍ። ስል ነው የምታነሡት። አሁን።"

ጭንቅላታቸው ሊነካካ ደርሶ ነበር። ተባብረን አነሣነው፤ መቆሚያው ላይ ሲገባ ብረቱ ጮኸ። በሕይወቷ ሙሉ ወንድሟን አንተ ብላው አታውቅም፤ ያን ሰዓት ግን ይህን ያስተዋለ ያለ አይመስለኝም።

ኢኖኬ ከቤንቹ ተንከባሎ ጎማው ላይ ወደቀና አሳለው። ላቪኒያ ተንበርክካ እንዳይነሣ ያዘችው። ጣቶችህን አንቀሳቅስ፣ እግርህን አንቀሳቅስ፣ ስምህን ንገረኝ አለችው። ስሙን ሲል ድምፁ እንደ ሽማግሌ ሻክሮ ወጣ። ርእሰ መምህሩን መኪና እንዲያስነሣ ላከችው። ዶኔሊ ጃንጥላውን ጥሎ በሩን ይዞ ቆመ፤ ቀይ የነበረው ፊቱ አመድ መስሏል። ፔኒሲማኒ ግድግዳውን ተደግፎ የግራ እጁን በቀኝ እጁ ደብቋል። እሱን የሚያይ ሰው አልነበረም። እኔ ግን አየሁት፤ ጀልባውን ሲያስር ለምን አንዱን የገመድ ጫፍ በጥርሱ እንደሚይዝ ያኔ ገባኝ።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ የኢኖኬን አንገት አይታ ወደ ዋናው ደሴት ላከችው። አጥንቱ ደህና ሆኖ ተገኘ። ጉሮሮው ግን ተቀጥቅጦ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ሲናገር ይሻክር ነበር፤ አንገቱ ላይም ከጥቁር ወደ ቢጫ የሚለወጥ መስመር ይዞ ዞረ። ዶኔሊ በዚያው ከሰዓት በትንሹ አውሮፕላን ተመለሰ። ከእኛ ማንንም አልወሰደም። ሌላ ጊዜ እመጣለሁ ብሎ ለርእሰ መምህሩ ነግሮት ነበር፤ እስካሁን አልመጣም።

ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። አንዳንዱ አባትየውን ወቀሰ። ሌላው ደግሞ፣ የፔኒሲማኒ ሚስት ጭምር፣ ሴትዮዋ በሩ ላይ ባትገተር ልጁ ይገፋው ነበር፣ ዛሬ ኦክላንድ ነበር አለ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁልጊዜ ከእኛ ፊት የሚቀመጡት እነ ኢኖኬ ወደ ማዶ ወንበር ተሻገሩ። ላቪኒያ ጂሙን ቆለፈችው። ሰኞ የሚጀመረው ትምህርት አልተጀመረም። ምግብ ስታቀርብ ለራሷ አታነሣም።

ጥፋቱ የአንቺ አይደለም፣ መቀበያዎቹን ያወረደው እሱ ነው ብዬ ልሞግታት ሞከርኩ።

"የእሳቸውን እሳቸው ይናገሩት" አለች። "እኔ ግን ወደ ኋላ ገፋኋቸው። በእጄ ባልነካቸውም እኔ ነኝ የገፋኋቸው።"

ይቅርታ ልትጠይቅ ልትሄድ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። እህት ወደ ወንድሟ ቤት ለይቅርታ አትሄድም፤ መጥቶ ግቢዋ ውስጥ አፈር ላይ የሚቀመጠው እሱ ነው። ልከለክላት አሰብኩና ፊቷን ሳይ ተውኩት። ከእናቷ የወረሰችውን ጥሩ ምንጣፍ ለይቅርታ ስጦታ እንዲሆን ከሣጥን አወጣች፤ እኔ ተሸከምኩት፤ ወጣን።

ሱቁ ጋ ያለው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ከወዲያ በኩል ፔኒሲማኒ መጣ። በገመድ የታሰረ አሳማ ይጎትታል። አንገቱ ላይ የይቅርታ ቅጠል አስሯል። ከኋላው ኢኖኬ ጎደሬ ተሸክሟል። ወደ እኛ ቤት እየመጡ ነበር።

ፔኒሲማኒ እንዳያት እዚያው ጠጠሩ ላይ ቁጭ አለ። ልጁም ተቀመጠ። ላቪኒያ መቆም ነበረባት፤ ሥርዓቱ እንዲያ ነው። እሷ ግን ቀሚሷን ሰብስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሱቁ በር ላይ የነበሩት ሰዎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ለአክብሮት ነው፤ ጆሯቸውን ግን ያዞሩ አይመስለኝም። እኔ ምንጣፉን ተሸክሜ መሐላቸው ቆሜ ቀረሁ። አሳማው ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው።

"ዋርሳዬ" አለ ፔኒሲማኒ መሬት መሬት እያየ፣ "ለእህቴ ንገራቸው…"

"እኔው ልስማ" አለች ላቪኒያ። "ለእኔው ይንገሩኝ።"

የግራ እጁን ጭኑ ላይ ዘረጋው።

"እጄ አይይዝም። ፈረንሳይ ስጫወት አንገቴ ተጎድቶ ነው። የተመለስኩትም ናፍቆኝ አልነበረም። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእርስዎ ደግሞ እንዴት ብዬ ልናገር? ሌላ ሰው አብሮኝ ይቁም ብል ለምን ይሉኛል። ኢኖኬ ይችላል ብዬ ነው። ልጄ ስለሆነ እጄም የሚታዘዘኝ መስሎኝ ነበር።"

"እኔ በሩ ላይ ባልቆም ወደ ኋላ አይሉም ነበር" አለች። "እንዲያቆሙልኝ እንጂ እንዲሸሹልኝ አልነበረም የቆምኩት። ይቅር ይበሉኝ።"

ይህን ስትል ቀና ብሎ አያት። እንዲያ አይቷት አያውቅም።

"ለምን አላዘዙኝም? አንድ ቃል ቢሉኝ እተወው ነበር።"

"ሲታዘዙኝ ኖረዋል። ቢያምኑበት ነበር የምፈልገው።"

አሰበበት። "አላምንበትም ነበር" አለ ሳይደብቅ።

ኢኖኬ ያን ጊዜ ሳል ያዘው፤ ሁለቱም በአንድ ላይ ወደ እሱ ዞሩ። ከዚያ በኋላ ያወሩት ስለ ሥራው ነው፤ ጠጠሩ ላይ እንደተቀመጡ። ከባድ ዘንግ ላይ ሁልጊዜ በየጫፉ አንድ አንድ ሰው ይቁም ተባለ። ዘንግ የሚጠብቅ ሰው ማንም ቢገባ፣ ንጉሡም ቢገቡ፣ እጁን አያነሣም ተባለ። ላቪኒያ እዚያ ክፍል ውስጥ አስተማሪ እንጂ እህት አይደለሁም፣ እርስዎም ገብተው አብረውኝ ያስተምሩ አለችው። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ።

"እሱን አልችልም" አለ። "ሰውነቴ አይታዘዘኝም። እርስዎ ሲገቡ እጄን ላነሣ እችላለሁ። ስለዚህ እርስዎ ባሉበት ሰዓት እኔ አልገባም።"

አልተከራከረችውም። አሳማውን እኛ ወሰድን፤ ምንጣፉን እነሱ ወሰዱ። ሚስቱ ለብዙ ጊዜ ሰላምታ አልሰጠችንም።

ትምህርቱ ተጀመረ። ከትንንሾቹ ክፍል ሴቶችና ወንዶች የመጥረጊያ እንጨት ይዘው ቢጫው መስመር ውስጥ ቆሙ። ጀርባ እንዴት ቀጥ እንደሚል፣ ጉልበት እንዴት እንደሚታጠፍ፣ አልቻልኩም ማለት እንዴት እንደሆነ ታስተምራቸዋለች። አልቻልኩም ማለቱን ጮክ ብለው ይለማመዱታል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን መስኮት ላስተካክል በውጭ በኩል ስዞር ፔኒሲማኒን አገኘሁት። ባልዲ ገልብጦ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ጀርባው ወደ ግድግዳው ነው፤ በመስኮቱ የሚወጣውን ድምፅ ይሰማል። እኔን ሲያይ ጣቱን አፉ ላይ አደረገ።

ከሰዓት በኋላ እሷ ከሄደች በኋላ ቡድኑን አስገባ። መቀበያዎቹን ራሱ አስገብቶ፣ ብሎኑን በቀኝ እጁ አጥብቆ፣ ጠዋት የሰማውን ቃል በቃል ነገራቸው። ለእያንዳንዳቸው የመጥረጊያ እንጨት ሰጣቸው። አንዱ ግዙፍ ልጅ ሳቀ።

"አሰልጣኝ፣ እኛ እኮ አክሰል ነው የምንገፋው።"

"አክሰሉን ሸጫለሁ" አለው ፔኒሲማኒ። "ጉልበትህን እጠፍ።"

ኢኖኬ ከሁሉም ቀድሞ እንጨቱን አነሣ። በዚያች በሻከረች ድምፁ ለሌሎቹ መቁጠር ጀመረ።

ይኸው እስከ ዛሬ እንዲህ ነው። ላቪኒያ ታስተምራለች፤ ወንድሟ ከውጭ ይማራል። እሱ ውጭ መኖሩን ማወቋን አልነገረችኝም፤ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማስተማር ከጀመረች ቆየች። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ የሚያመልጠው ነገር አለ። ያን ጊዜ ግድግዳውን በቀኝ እጁ ያንኳኳል። እሷም የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ደግማ ትናገራለች፤ ልጆቹም ደግመው ይሠራሉ። ባለፈው ከትምህርት ሚኒስቴር የመጣች ሴት ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብላ እያየች ሳለ ግድግዳው ተንኳኳና፣ ማነው ብላ አጠገቧ ያለችውን ልጅ ጠየቀች።

"የራግቢው አሰልጣኝ ነው" አለቻት ልጅቷ እንጨቷን ከፍ እንዳደረገች። "አልሰማም መሰለኝ።"